ከሚካኤል ማግስት ልንቀብረው የነበረው ዱቄት

አንደኛው በሬ አፉ አረፋ ደፍቆ፣ የሸክላ አፈር ከምንቆፍርበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተዘርሯል። ሁለተኛው ቆሞ ራሱን ከግራር ግንድ ጋር ያጋጫል፤ ዐይኑ ፈጦ ሳለ የሚያይ አይመስልም። መጀመሪያ እባብ ነደፋቸው ብዬ ነበር። ከዚያ መሬቱን አየሁ። ጠርዙ ላይ ነጣ ያለ ዱቄት ተደፍቷል፤ በምላስ ተልሶ ተልሶ አፈሩ ራሱ ጎድጉዷል። ከብት ቦሌ ሲልስ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። በእኛ አገር ከብት ጨዋማ አፈር ሲያምረው ቦሌ ይነዳል፤ እነዚህም ቦሌ መስሏቸው ነው።

ከዱቄቱ አጠገብ የጣሳ አፍ የታሸገበት የደረቀ ጭቃ ወድቋል። አነሣሁት። ላዩ ላይ ያረፈው የእኔ ጣት ነበር።

ሸክላ ያልሠራ ሰው ይህ ላይገባው ይችላል። የሸክላ ሠሪ አውራ ጣት ጭቃ ሲጫን የራሱን መንገድ ነው የሚሄደው። የእናቴን እንስራ ከገበያ ሙሉ እንስራ መካከል ለይቼ አወጣ ነበር። የእኔን ጣት ደግሞ ልጅ ሳለሁ ማጭድ ስለቆረጠው መሐሉ ላይ መስመር ይጥላል። በከተማችን በመካነ ሰላም ጭቃ የሚነካ ሁሉ ያንን መስመር ያውቀዋል።

ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አፈር የምንዝቅበትን ቅርጫት ተሸክማ ከኋላዬ ቆማለች።

"እማዬ፣ በሬዎቹ ምን ሆኑ?"

"ዝም በይ። ነይ እንሂድ።"

ጭቃውን እዚያው ጥዬው ሄድኩ። ለምን ይዤው አልሄድኩም? ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ልጄን ከዚያ ላርቅ ስጣደፍ ከእጄ ወደቀ፤ ጎንበስ ብዬ አላነሣሁትም። በቃ ይኸው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። በደርግ ጊዜ እኛን ሸክላ ሠሪዎቹን በማኅበር አደራጁን። ከዚያ በፊት ጠይብ ነበርን፤ ቡዳ ነበርን፤ ከእኛ ጋር ከአንድ ገበታ የማይቀርብ ብዙ ነበር። መንግሥት ሰው ሁሉ እኩል ነው፣ ጠይብ ብሎ የሰደበ ይቀጣል ብሎ አወጀ። እልል ካሉት አንዷ ነኝ፣ አልዋሽም። ፊደልም የቆጠርኩት ያኔ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ብዙ ባልገፋበትም።

የማኅበራችን ሊቀመንበር ሆና የተመረጠችው አበልጄ ነበረች። እሷ ሸክላ ሠሪ አይደለችም፤ የቄስ ልጅ ናት፤ መጻፍና ማንበብ ስለምትችል ቀበሌው መረጣት። ልጄን ክርስትና ያነሣችልኝ እሷ ናት። የእኛን ወገን ልጅ ክርስትና የሚያነሣ ጨዋ ሰው ማግኘት ያኔ ምን ማለት እንደ ነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጄን ታቅፋ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ሴቱ ሁሉ ዞሮ አየን። ባሌ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ሰሜን ዘምቶ በዚያው ሲቀር፣ ሦስት ቀን ከቤቴ ሳትወጣ ያስተዛዘነችኝ እሷ ናት። እንግዲህ ስለ ባዳ አይደለም የምጽፈው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከደሴ አንድ የእጅ ሥራ አስተማሪ ጣሳ ጣሳ ሙሉ ዱቄት ጭኖ መጣ። ቅብ ይሉታል። በውሃ በጥብጠን በሸክላው ላይ በብሩሽ እንቀባዋለን፤ ሲተኮስ ቀልጦ እንደ ብርጭቆ ያብለጨልጫል። ደስ አለን። ድስት ማሟሸት ቀረልን፣ እንስራ ማጠን ቀረልን አልን።

በመስከረም ያው አስተማሪ ተመለሰ። ፊቱ ጠቁሯል።

"አቁሙ" አለን። "ቅቡ ውስጥ እርሳስ አለበት፤ ጥይት የሚሠራበት ብረት። ጠላ ወይ እርጎ ሲቀመጥበት ይለቃል። ሆድ ይቆርጣል፤ ሕፃን ያደነዝዛል።"

ከመካከላችን ምላሰኛዋ አሮጊት፣ "አይ ልጄ! ታዲያ ጥይቱን በቀጥታ ብትተኩስብን አይቀልህም ነበር?" አለችው። ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም፤ "ለእኔም አሁን ነው የተነገረኝ፣ እናቴ" ብሎ አቀረቀረ።

የተቀባውን ሸክላ ሁሉ ሰበርነው። የተረፈውን ቅብ እንዴት እንደምናስወግድ ደግሞ ደጋግሞ ነገረን፤ ቃሉ አሁንም በጆሮዬ አለ። ወንዝ ውስጥ አይደፋም። እርሻ ላይ አይበተንም። ብሩሽ የታጠበበት ውሃ እንኳ በጋን ይቀመጥና ዝቃጩ ይጥለል። ሲደርቅ በማይፈለግ ድስት ተደርጎ ይተኮስ፤ ቀልጦ ድንጋይ ይሆናል፤ ድንጋይ ከሆነ እንደ ዱቄቱ በቀላሉ አይለቅም። ያንን ከውሃ ርቆ ከፍታ ላይ፣ ደረቅ መሬት ውስጥ በጥልቅ መቅበር ነው። ስትተኩሱ ጭሱ ሰው ላይ እንዳይሄድ አለን። ይህን ብሎ ወደ ደሴ ተመለሰ።

አደራውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። የታጠበበትን ውሃ ወደ ቤቴ ወስጄ በጓሮዬ በጋን አጠለልኩ። በጣሳ የቀረውን ዱቄት ደግሞ እንዳይበተን አፍ አፉን በጭቃ አሸግሁና በማኅበሩ መጋዘን አኖርኩት። ዝቃጩ እስኪደርቅ ስንጠብቅ የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ደረሰ። በነጋው በዓል ነው፤ በሚካኤል መሬት አይቆፈርም።

"ከሚካኤል ማግስት ተራራ ወጥተን አብረን ተኩሰን እንቀብረዋለን" አለችኝ አበልጄ መጋዘኑን እየቆለፈች። "ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤ ምን ያሰጋሻል?"

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ኅዳር ሲታጠን ነው፤ አገሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያቃጥላል። ቀበሌው ደግሞ ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ ብሎ የጽዳት ዘመቻ ጨመረበት። እኔ ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ አበልጄ መጋዘኑን አስጠረገች። ጣሳዎቹንም አስጭና ከሸክላ አፈር ጉድጓዳችን አስደፋቻቸው። ለምን እዚያ? እኛ ሸክላ ሠሪዎች የተረፈ ጭቃ የትም አንጥልም፤ ወደ ወጣበት ጉድጓድ መልሰን ነው የምናፈሰው፤ መሬቱን ማክበር ነው። እሷ ይህን ስናደርግ ስታየን ኖራለች። የሸክላ ነገር ሁሉ መመለሻው እዚያ መሰላት። እስከዚህ ድረስ ጥፋቷ የየዋህ ጥፋት ነው። እስከዚህ ድረስ ይቅር እላት ነበር።

በነጋው ጧት ያየኋቸው በሬዎች የአንድ ሽማግሌ እስላም ገበሬ ነበሩ። ሁለቱም ሞቱ። ጥማድ በሬ መሞት ምን ማለት እንደ ሆነ ለደጋ ሰው አይነገረውም። በማግስቱ በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። እኔ ልጄን ይዤ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ልቤ ግን አበልጄ ላይ ነበር። "ትነግራቸዋለች፤ አላወቅኩም ነበር ትላለች፤ እኔም አግዛታለሁ" እል ነበር በሆዴ።

ተነሥታ ያቺን የደረቀች ጭቃ ከፍ አድርጋ አሳየች።

"ጓዶች፣ ይቺ ከበሬዎቹ አጠገብ ነው የተገኘችው። የማን ሥራ እንደሆነ ጭቃው ራሱ ይናገራል።" ከዚያ ዐይኗ በሕዝቡ መካከል ልጄን ፈለጋት። "ነይ እስቲ የኔ እመቤት። ነይ ወደ እቴቴ።"

ልጄ እሷን ስትወዳት ለጉድ ነው። እየሮጠች ሄደች።

"ይሄ የማን ጣት ነው?"

ትምህርት ቤት የተጠየቀች ይመስል ጭቃውን ገልበጥ አድርጋ አየችውና ፊቷ በራ። "የእማዬ ነው፣ እቴቴ! መስመሯ ይኸው!"

አዳራሹ ጉም ጉም አለ። ከኋላ አንዱ፣ "ድሮስ!" አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ "ጠይብ ማለት ተከለከለ እንጂ ጠይብነት መች ተከለከለ!" ሲል ሳቁ ፈነዳ። ልጄ ለምን እንደሚሳቅ አልገባትም፤ እሷም ትንሽ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ዞር ብላ ፊቴን አየች። ፈገግታዋ ሲጠፋ አየሁት።

ተነሣሁ። "ጣቱ የእኔ ነው። ያሸግሁት እኔ ነኝ። የደፋሁት ግን እኔ አይደለሁም። የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደ ነበር ጠይቁልኝ።"

አበልጄ፣ "ቁልፉስ እኔ ዘንድ ነበር" አለች። "ግን አምኜ ሰጠኋት። መተማመን ነው የጎዳኝ።"

ይህን ስትል ዐይኗን ከዐይኔ አልነቀለችም። እሱ ነው የገደለኝ። ብታቀረቅር ኖሮ አፍራለች፣ ፈርታለች እል ነበር።

ጣሳዎቹን የተሸከሙትም እሷን ፈርተው አልመሰከሩልኝም። አሻጥር ነው ተባለ። ሆን ብላ የገበሬውን በሬ ለመጨረስ ነው ተባለ። ጉዳዩ ሰኞ ወደ አውራጃ እንደሚሄድ፣ እስከዚያ ከከተማው እንዳልወጣ አብዮት ጠባቂው ነገረኝ። ያኔ አሻጥር ተብሎ ወደ አውራጃ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። የሚመለስ ካለ ነው።

አበልጄ ከአዳራሹ ቤቷ እንደ ገባች ወደ በራፏ ሄድኩ። ገብስ ታሰጣ ነበር።

"ምነው አበልጄ?"

"ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።"

"ቁልፉን ሰጠኋት አልሽ? በልጄ አፍ አስመሰከርሽብኝ?"

ገብሱን በእጇ መበተኗን አላቆመችም። "እኔ ነኝ ብልስ? የቄስ ልጅ፣ የድሮ ሥርዓት ናፋቂ ይሉኛል። እኔን አይለቁኝም። ሦስት ልጆች አሉኝ።"

"የእኔስ አንዲቷ?"

ገብሱን መበተኗን ተወች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለቅሶ ቤት እንደምታጽናና ሴት፣ "አንቺ ላይ ሲሆን ሰው አይገርመውም" አለችኝ። "ከእናንተ ወገን ይጠበቃላ። ትንሽ ያስሩሽና ይተዉሻል። ልጅቷን ደግሞ አታስቢ፤ እኔ ጋ ትሆናለች። የክርስትና ልጄ አይደለች?"

ብትሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ! በደግ አንደበት ነው ያለችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ከቤቴ ስትበላ፣ ስትጠጣ፣ እኔ አበልጄ ስላት፣ በልቧ ከእነዚያ ከጠይቦቹ ወገን እንደ ሆንኩ ያን ቀን አወቅሁ። ደግሞም ልጄን ልትወስድብኝ ነው። እስር ቤቱ ያን ያህል አላስፈራኝም። ልጄ "የእማዬ ነው" ባለችበት አፏ እሷን "እማዬ" ስትል ታየኝ።

ቤት ስገባ ጓሮ ያለው ጋን ትዝ አለኝ። ዝቃጩ ደርቆ ከታች ረግቷል። ቤቴን ቢፈትሹ የሚያገኙት እሱን ነው፤ ሌላ ምስክር አያስፈልጋቸውም። ከጓሮዬ ጀርባ ቦረቦር አለ፤ ቁልቁል ወንዝ ይገባል። አንድ ጊዜ ብደፋው አለቀ። ጋኑን አዘነበልኩት። ከቦረቦሩ ሥር ሰው ይቀዳል፤ የማውቃቸው ሴቶች ይቀዳሉ። ብደፋው በአዳራሹ የተባልኩትን ራሴው እውነት አደረግሁት ማለት ነው። ጋኑን መልሼ አቆምኩት።

በነጋው የገበያ ቀን ነበር፤ አገሩ ወደ ገበያ ሲተም እኔ ዝቃጩን በአሮጌ ድስት ከትቼ አዝዬ፣ ልጄ ኩበት ተሸክማ፣ ከከተማው በላይ ወዳለው ድንጋያማ ተረተር ወጣን። ልጄን ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ርቃ እንድትቀመጥ አደረግኋት። ጉድጓድ ምሼ ኩበቱን ደለደልኩ፤ ድስቱን በገል ከድኜ አስቀመጥኩ፤ በደረቅ ወይራ ከበብኩትና ለኮስኩት። ፈራሁ፤ ጭሱ ከሩቅ ይታያል። ግን ማን ያጨሳል ብለው ሲጠይቁ ሸክላ ሠሪ ናት ይሉ ይሆናል፤ ሸክላ ሠሪ ብታጨስ ምን ይገርማል?

እሳቱ ሲግል ከታች አንድ ሰው በምርኩዝ ሲወጣ አየሁ። በሬ የሞተባቸው ሽማግሌ ናቸው። ልሩጥ ብዬ አሰብኩ። ወዴት ነው የምሮጠው?

"አንቺ ሴት! ምን እያቃጠልሽ ነው?"

"አባቴ፣ ከነፋሱ ይራቁ። በዚህ በኩል ይምጡ።"

መጡ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "በሬዎቼን የፈጀው ነው?"

"የእሱ ዓይነት ነው፤ የብሩሹ እጣቢ። ጉድጓዱ ላይ ያለውን ጠባቂ አቁመውበታል።"

"ታዲያ ምን ልታደርጊው ነው?"

"ድንጋይ ላደርገው ነው።"

አተኩረው አዩኝ። "ወላሂ፣ ጠይብ ራሷን ጅብ ታደርጋለች ሲባል ሰምቻለሁ። ዱቄት ድንጋይ ታደርጋለች ሲባል ግን አልሰማሁም።"

ሳላስበው ሳቅሁ። እሳቸውም ትንሽ ፈገግ አሉ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የደሴውን አስተማሪ፣ ጣሳውን፣ ቁልፉን፣ የሚካኤልን ቀን። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። እሳቱ እስኪሞት አብረን ቁጭ አልን። ድስቱ ሲከፈት ውስጡ እንደ ጠርሙስ ቂጥ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ድንጋይ ሆኗል። በምርኩዛቸው ነካ ነካ አደረጉት።

"መድፋት ብትፈልጊ ከጓሮሽ ቦረቦር አለልሽ" አሉ። "እዚህ ዳገት ድረስ ምን አንከራተተሽ?" መልስ አልጠበቁም። "ትናንት ለምን ለእኔ መጥተሽ አልነገርሽኝም?"

"ብነግርዎ ያምኑኝ ነበር?"

ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። "አላምንሽም ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ።"

እንደዚያ ያለ እውነት ከሰው አፍ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ጉድጓዱን ክንዴ እስኪጠፋ ቆፍሬ ድንጋዩን ከነድስቱ ቀበርኩት፤ እሳቸው በእግራቸው አፈር መለሱልኝ፤ ላዩን በቋጥኝ ደፈንነው።

"እኔ ሄጄ ልንገራቸው?" አልኩ እንጂ አላመንኩበትም።

"እኔም ብነግራቸው አይሰሙም። በአዳራሽ የተፈረደ ነገር ተገልብጦ አያውቅም። ነገ ወረኢሉ የሚሄድ የእህል መኪና አለ፤ ሹፌሩ የእህቴ ልጅ ነው። ዘመድ አለሽ?"

"ታላቅ እህቴ እዚያ ነው ያገባችው።"

"በይ እንግዲያ። እስከ ኬላው እኔው አደርስሻለሁ።"

እሑድ ጧት ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ወጣን። ይዤ የወጣሁት የልጄን ልብስና አንድ ጋቢ ነው። ሽማግሌው የሚስታቸውን ሻሽ አመጡልኝ፤ እንደ እስላም ሴት ጠመጠምኩት፤ ማተቤን ወደ ውስጥ ከተትኩ። ኬላው ላይ ታጣቂው መኪናውን አስቆመ።

"አሰላሙ አለይኩም አባባ። ይቺስ ማናት?"

"ወአለይኩም ሰላም። ምራቴ ናት። ከልጅቷ ጋር ወደ ወረኢሉ ሐኪም ቤት።"

ታጣቂው ወደ ልጄ ጎንበስ አለ። "ምንሽን ነው ያመመሽ ሚጣ?"

ልጄ ፊቷን ጭኔ ውስጥ ቀበረች። ከአዳራሹ ወዲህ የሚጠይቃት ሰው ሁሉ ያስፈራት ነበር። ታጣቂው፣ "አዎን፣ አሟታል" ብሎ ገመዱን አወረደ። ሽማግሌው እዚያው ቀሩ። አመሰግናለሁ ለማለት እንኳ መኪናው ጊዜ አልሰጠኝም።

እስከ ቀትር በእህል ጆንያ ላይ ሆነን ተንገላታን። መንገዱ ላይ አቧራ ባየሁ ቁጥር የሚያሳድዱኝ መኪናዎች ይመስሉኛል። ከቀትር በኋላ ልጄ ድንገት፣ "እማዬ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት?" አለችኝ።

"አይደለሽም። አንቺ የጠየቁሽን እውነት ነው የተናገርሽ።"

"እቴቴ ግን ለምን ጠየቀችኝ?"

ይህ እንዴት ለልጅ ይነገራል? "ፈርታ ነው" አልኳት። ላጽናናት ብዬ አልዋሸሁም፤ እውነትም ፈርታ ነው። ግን ፈርተን እኮ ነው ሁላችንም የኖርነው። እኔም ጋኑን ያዘነበልኩት ፈርቼ ነው።

ወረኢሉ የገባነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። እህቴ ደጃፏ ላይ ጤፍ ስታነፍስ አገኘናት። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። ሻሹን አይታ መጀመሪያ አላወቀችኝም፤ ካወቀችኝ በኋላ ደግሞ ለቀቅ አላደረገችኝም። ማን እንዳሳደደኝ ጠየቀችኝ። "አበልጄ" አልኳት። እህቴ ውሃ አሙቃ እግራችንን አጠበችን፤ ልጄን አብልታ በራሷ አልጋ አስተኛቻት።

ሰኞ መጣ፤ የጠየቀኝ የለም። ሳምንቱም አለፈ፤ ወሩም አለፈ፤ የፈለገኝ የለም። ጠይቧ ሸሸች ብለው ነገሩን በእኔ ላይ ዘግተውት ይሆናል። ልጄ አጠገቤ ናት። ከእጃቸው ወጥቻለሁ። ድኛለሁ።